የስብሐት ሴቶችና የካዛንቺስ ያልተጻፈ ታሪክ

የራሱን የፍቅርና የመኝታ ሕይወት የድርሰቱ ዋና ግብዓት በማድረግ ረገድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የሚስተካከል ደራሲ የለም። በፈረንሳይ ሳለ የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» ልብ ወለድ የአዲስ አበባን የመጠጥ ቤቶችና የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር፣ የ1950ዎቹን ውቤ በረሃ፣ ከነሌሊቱና ከነቋንቋው ስላቀረበ፣ በሳንሱር ማለትም መንግሥት ከኅትመት በፊት በሚያደርገው ቁጥጥር ምክንያት እንደ ተጻፈ ሳይታተም ለብዙ ዓመታት ቆየ። ከታተመ በኋላም ክርክሩ ነውር ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ብዙም አልራቀም፤ ይህም የሴቶቹን ጉዳይ ሸፍኖታል።

ስብሐት ሴተኛ አዳሪዋን እንደ ግብረ ገብ ድርሰቶች መቀጣጫ አላደረጋትም፤ እንድትስቅ፣ እንድትሳደብና በዋጋ እንድትከራከር መፍቀዱም ሊመሰገንበት የሚገባ ነው። ሆኖም የሚያያት ዓይን በአብዛኛው የደንበኛ ዓይን በመሆኑ፣ ደንበኛው ከመምጣቱ በፊትና ከሄደ በኋላ ያለው ኑሮዋ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ልብ ወለድ፣ በስብሐት አምሳል እንደተቀረጸ የሚነገርለት ሲራክም የትረካው ማዕከል ስለሆነ፣ የአንድ ወንድ የፈጠራ ጭንቀት ዳግመኛ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ወጣ።

ያ ጨለማ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በካዛንቺስ በቅርብ ሊታይ ይችል ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብለው የተሠሩት ቤቶች እየቆዩ ቡና ቤት ማለትም መጠጥ ቤት ሲሆኑ፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው መከፈቱም ለሰፈሩ የውጭ እንግዳ ጨመረለት። ከባንኮኒው ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከለለች ጠባብ ክፍል የምታድር ሴት ማደሪያዋን ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት የምታገኘው መጠጥ በማሻሻጥ ነበር፤ የጠጪው ሒሳብ ሲያንስ የእሷም መኝታ ያሰጋት ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴቷን ሳይሆን በእሷ የሚነግደውን አቃጣሪ ይቀጣ የነበረ ቢሆንም፣ የዚህን ንግድ ኪራይና ዕዳ ያሰፈረ ልብ ወለድ እጅግ ጥቂት ነው።

በ2017 ዓ.ም. «ኮሪደር ልማት» በተባለው የከተማ መልሶ ማልማት ሥራ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎቿ ተበታተኑ። በቡና ቤቶቹ ስለሠሩት ሴቶች ወንዶች የጻፉትን እየደጋገሙ ከማተም ይልቅ፣ አሳታሚዎችና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉትን አፈላልገው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀውና ማንነታቸውን ጠብቀው ቃላቸውን ሊመዘግቡ ይገባል።