«ሥራዎን አይተን ተደንቀናል»፦ ሳይጠሩት ለሙዚቀኛ የሚመጣ ግብዣ፣ ተረቱና እውነታው

በሰንዳፋ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር አንድ ወጣት ድምፃዊ ነጠላ ዜማውን ዩቲዩብ ላይ በለቀቀ ማግስት የሚደርሰው መልእክት መልኩ የታወቀ ነው። «ውድ አርቲስት፣ ሥራዎን አይተን እጅግ ተደንቀናል። ዓለም አቀፍ ድርጅታችን ሊያስፈርምዎ መርጦዎታል። ቦታው ውስን ስለሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቁን።» የትኛው ሥራ እንዳስደነቃቸው አይናገርም። ዘፈኑ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፣ ክራር ይኑርበት ኪቦርድ፣ አንድም ቃል የለበትም። ለጎረቤቱ ጋራዥ ቢላክ እንኳ «አርቲስት» የሚለውን «ድርጅት» በሚል መቀየር ብቻ ይበቃዋል። አድራሻውም ማንም በደቂቃ የሚከፍተው የጂሜይል ወይም የቴሌግራም ስም ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ ግብዣ በሙዚቀኛው ሰፈር ብዙ ይባላል። ከሚባለው ውስጥ ተረቱ ይበዛል።

ተረት፦ «ሳይጠሩት የመጣ ሁሉ አጭበርባሪ ነው»

እንዲህ የሚል ሰው የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ይስማ። ሰንዳፋን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ በሚያደርሰው በደብረ ብርሃን የተወለዱት ኃይሉ፣ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ኑሯቸውን የገፉት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ በመንዳት ነው። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ስልክ ደወለላቸው። ኃይሉ ሰውየውን አያውቁትም፣ ፈልገኝም አላሉትም። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ባለታክሲው ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

ይህ ግብዣ ከላይ ካየነው መልእክት የሚለየው በምንድን ነው? ደዋዩ ስለ የትኛው ሥራ እንደሚያወራ ያውቃል፤ ካሴቱ እጁ ላይ ነው። ማን እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን እንዳሳተመ ማንም ሊያጣራ ይችላል። አሠራሩም ትርፍን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። ስለዚህ ሳይጠሩት መምጣቱ ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። መመርመር ያለበት ከሙዚቀኛው የሚፈልገው ነው፦ ገንዘብ ነው? የይለፍ ቃል ነው? ወይስ መብት?

ተረት፦ «የትልቅ ድርጅት ስም ካለበት እውነት ነው»

ስምና ዓርማ መገልበጥ ነፃ ነው። ለመጣው መልእክት መልስ ከመስጠት ይልቅ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስ ፈልጎ፣ እዚያ ባለው አድራሻ «ይህ ሰው የእናንተ ሠራተኛ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ታጭተዋል፤ የምዝገባ ይክፈሉ» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው። ለግራሚ እንኳ ሥራ ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ መታጨት ሌላ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ይገባሉ፤ ገብቻለሁ ብሎ ታጭቻለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ተረት፦ «ሳይከፍሉ ማደግ የለም»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት። ሙዚቀኛ ይከፍላል። ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪ፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ለክሊፕ ይከፍላል። ዘፈንን ወደ ውጭ አገር መተግበሪያዎች የሚያደርሱት እነ ዲስትሮኪድ እና ቲዩንኮርም ያስከፍላሉ። እነዚህን ግን ፈልጎ የሚሄደው ሙዚቀኛው ራሱ ነው፤ ዋጋቸው በግልጽ ተቀምጧል፤ «ኮከብ ነህና መርጠንሃል» ብለውም አያውቁም። ፈለግንህ የሚል ሰው ግን ከፋይ መሆን አለበት። ሠርግ ያለበት ሰው ባንድ ሲያዝ ቀብድ ይሰጣል እንጂ ከባንዱ ቀብድ አይቀበልም። «ልናስፈርምህ ነው፤ መጀመሪያ የፋይል ማስከፈቻ ላክ» ከተባለ ገዢው ሙዚቀኛው ሆኗል ማለት ነው፤ የሚገዛውም ነገር የለም።

«አንድ መቶ ሺህ ተመልካች እናመጣልሃለን፣ ፕሌይሊስት ውስጥ እናስገባሃለን» የሚለውም ጉዳቱ ከከፈሉት ብር በላይ ነው። ስፖቲፋይ አድማጭ በገንዘብ መግዛትን ይከለክላል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም፤ በሮቦት የተደመጠ መሆኑ በጉልህ ሲታወቅ ደግሞ አከፋፋዩን ይቀጣል። አከፋፋዩም ቅጣቱን ከሙዚቀኛው ላይ ሊቆርጥ ወይም ዘፈኑን ሊያወርድ ይችላል። በዚያው ዓመት መስከረም አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙዚቀኛ በሮቦት አድማጭ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል ተብሎ ተከሷል። አድማጩን የሸጠላችሁ ሰው ነገ ስሙን ቀይሮ ይጠፋል፤ ዘፈኑ ላይ የሚቀረው ስም የእናንተ ነው።

ተረት፦ «ገንዘብ ካልጠየቁኝ ብፈርም ምን አጣለሁ?»

ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። የተላከ ብር ተለፍቶ ይተካል፤ የተፈረመ መብት ግን ፍርድ ቤት ይፈልጋል።

በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቱ ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ መግዛቱ የተለመደ ነበር። ዛሬም «ጠቅልዬ ልግዛህ» የሚል መልእክት የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ ብሩ በእጅ ይቆጠራል። ግን የኃይሉን ካሴት አስቡት፦ እንደገና ገበያ ያገኘው ከ28 ዓመት በኋላ ነው። «ለዘላለም፣ በመላው ዓለም፣ አሁን ባለና ወደፊት በሚፈጠር ቴክኖሎጂ ሁሉ» የሚል ሐረግ የሚሸጠው ያንን ጊዜ ጭምር ነው። «ብቸኛ መብት» የሚለውም ቀላል አይደለም። ያንን የያዘ ሰው ዘፈኑን በዩቲዩብ የባለቤትነት መለያ ሥርዓት ውስጥ ካስገባው፣ ድምፃዊው በገዛ ቻናሉ ላይ ከለቀቀው ዘፈን የሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ ወደ ባለ ውሉ ይሄዳል።

ሌላም አለ። የእኛ አገር ዘፈን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም፤ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። ድምፃዊው ያልሰጡትን የእነሱን መብት ጨምሮ ሲፈርም የመጀመሪያው ከሳሽ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ከግጥምና ዜማ ደራሲው ጋር ያለውን ስምምነት መጀመሪያ በጽሑፍ ማድረግ ለማንኛውም ግብዣ ዝግጅት ነው።

«ስላላስመዘገብኩት መብት የለኝም፤ እነሱ ያስመዝግቡልኝ» የሚሉም አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነና የተቀረጸ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ሲፈጠር ነው ይላል፤ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ለዚያ ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አዲስ አበባ አለ። በማያውቁት ሰው በኩል የሚኬድበት ምክንያት የለም።

ተረት፦ «ፋይሉን ከፍቼ ባየው አይጎዳኝም፤ የይለፍ ቃሌን አልሰጠሁም»

ጎግል በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሌቦች ለዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች የውሸት የትብብር ግብዣ እንደሚልኩ ገልጿል። «ይህን የሙዚቃ ማጫወቻ ሞክረህ አስተዋውቅልን» ይላሉ፤ ፕሮግራሙ ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን አካውንት መግቢያ ይሰርቃል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ወደ ስልክ የሚላከው ኮድም አያስቆመው። የተሰረቁት ቻናሎች እንደ ተከታያቸው ብዛት ከ3 እስከ 4,000 ዶላር ይሸጡ ነበር። እውነተኛ ውል በተራ ሰነድ ይመጣል፤ ለማንበብ ፕሮግራም ጫኑ አያሰኝም።

ተረት፦ «የውጭ ኮንሰርት ከሆነ የቪዛ ወጪ መቼም ያለ ነው»

አሜሪካ ውስጥ በክፍያ ለሚዘፍን አርቲስት የቪዛ ጥያቄውን ቀድሞ ለመንግሥት የሚያቀርበው እዚያ ያለው ጋባዥ ወይም ወኪል ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ በክፍያ መድረክ ላይ መሥራትም አይፈቀድም። ዱባይና ቤይሩት ለሚባለው ግን ሥጋቴ ከገንዘብ በላይ ነው፤ በተለይ ለሴት ድምፃውያን። የአዳራሹ ስምና ቀን፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የተፈረመ ውል ሳይኖር ፓስፖርት ብቻ ላኪ የሚል ሰው የሚፈልገው ዘፋኝ አይደለም። ይህ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የመነገድ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

ብር ልካችሁ ወይም አካውንታችሁን ተቀምታችሁ ከሆነ አፍራችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ለባንካችሁ አሳውቁ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፤ በኮምፒውተር አማካይነት ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። መልእክቱን፣ የላኪውን አድራሻና የባንክ ደረሰኙን ከስልካችሁ አታጥፉ፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።