ብድሬን በወቅቱ ከፍዬ ለምን ተከለከልሁ?

በየዳም ሆነ በደባርቅና በዳባት በምንሰጠው ስልጠና ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ሦስት ጊዜ ተበድሬ አንድ ቀን ሳላሳልፍ መልሻለሁ፤ ዘንድሮ ግን አይሆንም አሉኝ» የሚል አርሶ አደር ሁልጊዜ አለ። ቅሬታው ተገቢ ነው። ሆኖም መልካም የክፍያ ታሪክ የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተበደራችሁትን እንደመለሳችሁ። አበዳሪው ግን ሌሎች ነገሮችንም ይመለከታል፤ ክልከላውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው የገንዘቡ መጠን ነው። 20 ሺህ ብር ተበድሮ በደንብ የከፈለ አርሶ አደር በግ ለማሞከት 140 ሺህ ብር ቢጠይቅ፣ ታሪኩ የሚመሰክርለት ለ20 ሺው ነው። የብድር ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ሒሳብ እናንተም ቤታችሁ ሥሩት። 20 በግ በ6 ሺህ ብር ቢገዛ 120 ሺህ፣ ለመኖና ለመድኃኒት 20 ሺህ፣ በጠቅላላ 140 ሺህ ብር ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ አንዱ በ8 ሺህ ቢሸጥ 160 ሺህ ይገኛል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ቢሆን የሦስት ወሩ 5,600 ብር ነው። ለአርሶ አደሩ 14,400 ብር ይተርፈዋል። ሁለት በግ ቢሞትበትስ? የ16 ሺህ ብር ሽያጭ ይጎድላል፤ ዕዳውን ለመዝጋት 1,600 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ቁጥሮቹ ለመማሪያ የተወሰዱ ናቸው፤ በገበያችሁ ዋጋ ተኩአቸው። ሠራተኛው የፈራው እናንተን ሳይሆን እነዚያን ሁለት በጎች ነው። ስለዚህ ስትሄዱ በጎቹ ቢጎድሉ ክፍያው ከምን እንደሚሸፈን፣ ለምሳሌ ከድንች ወይም ከገብስ ሽያጭ፣ በወረቀት አስፍራችሁ ያዙ። የመክፈያው ቀንም ከበዓል ገበያ በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። ገበያ ሳይደርስ የሚጀምር ወርኃዊ ክፍያ ጎበዙንም ያዋርዳል።

ሁለተኛው ነገር ዋስትና ነው። በቡድን ዋስትና የተበደረ ሰው የራሱ መዝገብ ንጹህ ቢሆንም የጓደኛው ውዝፍ ዕዳ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። ለወንድም ወይም ለአማች ዋስ ሆናችሁ ከሆነ ያ ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን አጣሩ። ብዙ ሰው ዋስ መሆኑን የሚያስታውሰው ሲከለከል ነው።

ሦስተኛው ታሪካችሁ የት እንደተጻፈ ነው። በቀበሌያችሁ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለዓመታት በደንብ ከፍላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩ ግን ያንን ደብተር አላየውም። የማኅበሩን ማስረጃ በማኅተም አስደግፋችሁ ያዙ። ቴሌብር ላይ በመላ የሚፈቀድላችሁ መጠን ማደጉም ባንክ ዘንድ ውጤት ተብሎ አይያዝም፤ እሱ የሚሰላው ከቴሌብር አጠቃቀማችሁ ነው። ብሔራዊ ባንክ አበዳሪዎች የተበዳሪን ታሪክ የሚለዋወጡበት የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ ተበዳሪው በዚያ የሚለየው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። በመታወቂያው፣ በመሬት ደብተሩና በብድር ውሉ ላይ ስማችሁ በተለያየ መንገድ ተጽፎ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉ።

ከእናንተ ፈጽሞ የማይመጣ ምክንያትም አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የንግድ ባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አወጣ፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ብሏል። አብቁተ ስንለው የኖርነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ፀደይ ባንክ ሆኗልና እሱም በንግድ ባንክ ሕግ ይተዳደራል። ገደብ ሲሞላ ወረፋ ይመጣል፤ ወረፋ ሲመጣ ፋይሉ ያልተሟላ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። በግልጽ «ገንዘብ የለንም» የሚል ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው፤ «ቆይተህ ተመለስ» ማለት ይቀለዋል። ይህን ስትሰሙ መቼ ብላችሁ ቀኑን ጠይቁ።

በማስያዣ ረገድ አሁን ከቀድሞው የሰፋ መንገድ አለ። በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት እንስሳትና ምርት ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመሬት የመጠቀም መብትን ማስያዝ ፈቅዷል። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ተስማምተው መፈረም አለባቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለሦስት ወር በግ ማሞከት መሬት አላስይዝም። ውርጭና በረዶ በሚመታው በእኛ ደጋ አንድ መጥፎ ዓመት ቢገጥም፣ ዕዳው እስኪያልቅ ማሳችሁን ሌላ ሰው ሊያርሰው ይችላል። መጀመሪያ እንስሳቱ ራሳቸው መያዣ ሆነው እንዲመዘገቡ ጠይቁ። ካልተቻለ መጠኑን ወደ 60 ወይም 70 ሺህ ዝቅ አድርጋችሁ በአሥር በግ ጀምሩ፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ያን ጊዜ ለ140 ሺው የቀረበ ታሪክ ይኖረዋል።

ከተከለከላችሁ ደግሞ ከቢሮው ሳትወጡ የክልከላው ምክንያት ከገቢ፣ ከዋስትና፣ ከመዝገብ ወይስ ከባንኩ ገንዘብ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቻለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ያንን ወረቀትና የበጎቹን ሒሳብ ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ኑ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ ከባዱን እኔ ዘንድ ያመጣዋል።