ምዕራፍ 4፦ ጾም ስለ ማዕዳችን ምን ያስተምረናል?

በጾም ወራት ምግብ ቤት የገባ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይፈጃል። ረቡዕና ዓርብ ተደምረው ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ከዚያም በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። የዓመቱን ግማሽ የምንበላውን የሚወስን ሥርዓት ያለው ሕዝብ ስለ ምግብ ምርጫና ስለ እምነት ለማሰብ ከሩቅ መነሻ መፈለግ አያስፈልገውም። ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄያችን እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው። የጾምን ሕግ ዓላማ ለመረዳት ምን እንደሚከለክል ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ማንን ነፃ እንደሚያወጣና የተረፈውን ለማን እንደሚሰጥም ማየት ይገባል። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ሲታይ ሕጉ የሚመራው ወደ ምሕረት ነው፤ በአደራ ለተሰጠን አካልና ለባልንጀራችን ወደሚደረግ ምሕረት።

ማስረጃው ከጥንት ጀምሮ የተጻፈ ነው። የሐዋርያት ቀኖናዎች ተብለው ከሚታወቁት ውስጥ 69ኛው ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ካህን ከሥልጣኑ ይሽራል፤ ምእመኑንም ከማኅበሩ ይለያል። ቅጣቱ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ፣ የአካል ሕመም የከለከለውን ሰው ግን ያው ቀኖና ራሱ ነፃ ያደርገዋል። ስለዚህ ለታመመው የሚሰጠው ፈቃድ ኋላ የመጣ መላላት አይደለም፤ ከሕጉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የተረፈውን በተመለከተ ደግሞ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም የተጻፈውና በግእዝ ተተርጉሞ የኖረው የሄርማስ መጽሐፍ ግልጽ መመሪያ ይሰጣል። ጾመኛው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። በዚያው ዘመን የነበረው ፈላስፋ አርስጢደስ ለሮም ንጉሥ ባቀረበው መከላከያ፣ ክርስቲያኖች የሚመጸውቱት ትርፍ ሲያጡ ሁለትና ሦስት ቀን ጾመው ድሃውን እንደሚመግቡ መስክሯል። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም የሚያውቀው ለተራበ እንጀራ በመቁረስ ነው። በእነዚህ ሁሉ ምስክሮች ዘንድ መከልከሉ መንገድ ነው፤ መድረሻው ሌላ ነው።

ከራሳችን አካል እንጀምር። የጾም ማዕዳችን በተፈጥሮው ሀብታም ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ አተርና ባቄላ ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ይሞላለታል። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ተልባና ሱፍ ሲጨመሩበት ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚመክሩት ዓይነት ገበታ ይሆናል። በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት 120 ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጽዋማት የጠበቁት ሰዎች በጾሙ መጨረሻ ላይ አጠቃላይ ኮሌስትሮላቸው በ12 ከመቶ ገደማ፣ ጎጂው ዓይነት ደግሞ በ16 ከመቶ ገደማ ቀንሶ አግኝቷል። ነገር ግን የቀርጤስ ጾመኛ በሥጋው ቦታ የሚተካው ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና የወይራ ዘይት ነው። ጥቅሙ የተገኘው በሥጋው መቅረት ብቻ ሳይሆን በተተካውም ነው። እኛ በቅቤው ፋንታ ገበያ «የሚረጋ» የሚለውን የፓልም ዘይት በብዛት ብናፈስ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነውና ልባችን ያረፈው ነገር የለም። በወተቱ ፋንታ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ የጠጣ ሰው 35 ግራም ገደማ ስኳር ወስዷል፤ መጠጡ የጾም መሆኑ ስኳሩን አይቀንሰውም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ኢትዮጵያዊው አዋቂ በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። በዚያው ጥናት ከ10 ሰዎች ከ9ኙ በላይ በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይበሉም። እንግዲህ ሥጋው ከገበታው ሲነሳ ክፍት ቦታውን ምን እንደሞላው መጠየቅ የጾሙ ሥራ አካል ነው።

የዕፅዋት ምግብ የራሱ ጉድለትም አለው፤ ይህን መናገር ጾሙን መንቀፍ አይደለም። የጤፍና የጥራጥሬ ብረት ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ስለሚያዝ አንጀት በቀላሉ አይወስደውም። እናቶቻችን ሊጡን ማቡካታቸው፣ ባቄላውን መዘፍዘፋቸውና ማብቀላቸው ይህን እንቅፋት ይቀንሳል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃርያ ከምግቡ ጋር ሲበሉ ብረቱ በተሻለ ይሰርጻል፤ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ይከለክለዋል። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባት ሴት ቡናዋን አንድ ሁለት ሰዓት ብታዘገይ ይጠቅማታል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከዕፅዋት አይገኝም። ሰውነት ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው ክምችት ስላለው በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ጤነኛ ሰው በጾሙ አይጎዳም። በፍስኩም ሥጋና ወተት የማይቀምሰው ድሃ ግን ዓመቱን በሙሉ የጾም ምግብ ላይ ነው። አንዱ ሕግ በሁለት ሰዎች አካል ላይ ያለው ክብደት እኩል አይደለም፤ ምሕረት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው በእናትና በሕፃን ላይ ነው። በሥርዓቱ ለታመሙ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ፈቃድ አለ። በተግባር ግን ብዙ እናቶች በፈቃዱ አይጠቀሙበትም። በትግራይ ገጠር በሚያጠቡ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት በጾም ወራት የሚበሉት ምግብ ዓይነት እንደሚያንስ አሳይቷል። ሕፃኑም ባይጾም እንኳ የጾሙ ጥላ ይደርስበታል፤ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉ ሳይቀቀልለት፣ ወተቱ ሳይፈላለት ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ ምግብ ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የዚህ ዋና ምክንያቶች ድህነት፣ ተደጋጋሚ በሽታና የንጹሕ ውኃ እጥረት ናቸውና ሁሉንም በጾም ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል። በእጃችን ያለውን ማስተካከል ግን እንችላለን፤ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ለይቶ ማስቀመጥ የማንንም ጾም አይሽርም።

«ጾምን በኮሌስትሮልና በቫይታሚን መመዘን መንፈሳዊውን ነገር ወደ ክብደት መቀነሻ ማውረድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ስጋቱ እውነት አለው። ለመቅጠን ብሎ የሚከለከል ሰው በጎ ነገር አደረገ እንጂ አልጾመም። እዚህ የተባለው ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ጤና የጾሙ ዓላማ አይደለም፣ ጾመኛው የሚጸልይበትን፣ የሚሠራበትንና የሚያገለግልበትን አካል መጠበቅ ግን የአደራ ጉዳይ ነው። ሌላው ደግሞ ጌታ ወደ አፍ የሚገባው ሰውን አያረክስም ማለቱን ጠቅሶ ምግብን ከእምነት ጋር ማያያዝ አያስፈልግም ይላል። ይህን ነፃነት አጥብቆ የሰበከው ጳውሎስ ራሱ ግን በሮሜ 14 ወዲያው ወሰን ያበጅለታል፤ ወሰኑም የወንድም ጉዳት ነው። የቆሮንቶስን ማኅበር የገሠጸውም ምግቡ ርኩስ ስለነበር ሳይሆን አንዱ ሲራብ ሌላው ስለሚሰክር ነበር። ስለዚህ የሚጾመውም የማይጾመውም ክርስቲያን እኩል የሚጠየቅበት ነገር አለ። ነቢዩ አሞጽ ሚዛን አዛብቶ የስንዴ ግርድ የሚሸጠውን ነጋዴ ይከስሳል፤ ቅቤን ከፓልም ዘይት፣ በርበሬን ከሸክላ ዱቄት የሚቀላቅለው የዛሬው ነጋዴም ዓርብን ቢጾም ከዚህ ክስ አያመልጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፦ «ምርጫ የሚኖረው ገንዘብ ላለው ነው።» ሽሮ በጨው ብቻ የሚበላን ቤተሰብ ፍራፍሬ አልበላህም ብሎ መውቀስ ኃጢአት ይሆናል። መልሱ ያለው በሄርማስ ስሌት ውስጥ ነው። ሥጋውን፣ ቅቤውንና ወተቱን የተወ ባለ አቅም ቤተሰብ በ55 ቀን የሚያተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ያ ገንዘብ ውድ ወደሆነ የጾም ኬክ ወይም ለፋሲካ ወደሚገዛ ተጨማሪ በግ ከተመለሰ፣ ወጪው ቦታ ቀየረ እንጂ ጾሙ ለማንም አልተረፈም። ወደ ጎረቤት ልጅ እንቁላል ወይም ወደ አንዲት አራስ ወተት ከሄደ ግን የሀብታሙ መከልከል ለድሃው ምርጫ ፈጠረለት። የፋሲካም ገበታ የዚሁ መለኪያ አካል ነው። ከሌሊት ቅዳሴ መልስ በተልባ ጀምሮ ሆድን ማለስለስ የቆየ ጥበብ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ግን የኮሶ ትል መተላለፊያ ስለሆነ አብስሎ መብላት ለራስም ለቤተሰብም ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመሪያ አጭር ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የታመመ፣ የፀነሰች ወይም የምታጠባ ሰው የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር፤ ፈቃዱንም ያለ እፍረት ይቀበል። ቤተሰቡ በሥጋው ቦታ የሚገባውን ጥራጥሬና አትክልት አስቀድሞ ያቅድ፤ ዘይቱን፣ ጨውንና ስኳሩን ይቀንስ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከተለመደው ወጪ የተረፈውን ያስላ፤ ተቀባዩንም በስም ይወቅ። «የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል?» የሚለውን ካልጨመረበት የሕጉን ፊደል ጠብቆ ምሕረቱን ትቷል።