ደጅ ጥናት በሪችመንድ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ድንበራቸው ስለተያያዘ አበሻው አንዱ ጋ እያደረ ሌላው ጋ ሠርቶ ይገባል። በአንድ ነገር ግን ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በከባድ ወንጀል፣ ሁሉም ሰው «ፌሎኒ» በሚለው፣ የተፈረደበት ዜጋ ዲሲ ውስጥ እስር ቤት ሆኖም ይመርጣል፤ ከ2020 ወዲህ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ሜሪላንድ ውስጥ ከእስር ሲወጣ ይመርጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ የተፈረደበት ግን እስራቱን ጨርሶ፣ አመክሮውንም ፈጽሞ፣ ሠላሳ ዓመት ግብር ሲከፍል ቢኖር እንኳ ገዥው ካልፈረመለት እስኪሞት ድረስ አይመርጥም። ለሥልጣን አይወዳደርም፣ በዳኝነት ጉባኤ ጁሪ ሆኖ አይቀመጥም፣ የሰነድ አረጋጋጭም መሆን አይችልም።

ፌሎኒ ሲባል ነፍስ ማጥፋትን ብቻ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በቨርጂኒያ ሕግ እስከ 2018 ድረስ 200 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ ፌሎኒ ነበር። መጠኑ በዚያ ዓመት ወደ 500፣ በ2020 ደግሞ ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ብሏል። እንግዲህ በ2017 በ19 ዓመቱ ከሱቅ ስልክ ሰርቆ የተያዘ ልጅ ዛሬ በተመሳሳይ ጥፋት ቢያዝ በቀላል ወንጀል ይቀጣ ነበር። ያኔ የተፈረደበት ግን ከነፌሎኒው ይኖራል፤ የሕጉ መሻሻል ወደ ኋላ አይሠራለትም።

የክልከላው ሥር ሩቅ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ባገኙ ማግስት፣ በ1876፣ ቨርጂኒያ ጥቃቅን ስርቆትን ሳይቀር ከምርጫ በሚያግዱ ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባች። በ1902 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የምርጫ ግብርና የንባብ ፈተና ተጨመሩ። የጉባኤው መሪ ድምፅ የነበረው ካርተር ግላስ ዓላማው ጥቁሮችን ከምርጫ ማስወጣት መሆኑን በአደባባይ ተናግሯል፤ ለመደበቅ አልሞከረም። ግብሩና ፈተናው በ1960ዎቹ ወደቁ። የፌሎኒው ክልከላ ግን በ1971ዱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ቦታውን ይዞ ቀጠለ፤ መብቱን የሚመልሰውም ገዥው ሆነ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ዋናዋ ጣጣ። ሕጉ ጨካኝ ነው የሚለው ክርክር ብዙ ተጽፎበታል። እኔን የሚከነክነኝ የዜጋ መብት ደጅ የሚጠናበት ነገር መደረጉ ነው፤ ደጁ ደግሞ ባለቤቱ በየአራት ዓመቱ ይቀያየራል። ቨርጂኒያ ገዥ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንዳይመረጥ ስለምትከለክል፣ አንዱ የዘረጋውን አሠራር ተከታዩ ሊያጥፈው ይችላል።

በሚያዝያ 2016 ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ በአንድ ትእዛዝ ቅጣታቸውን ለጨረሱ 206,000 ሰዎች መብታቸውን መለሱ። የተቃዋሚው ፓርቲ መሪዎች ከሰሷቸው። በሐምሌ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ገዥው ምሕረት የሚያደርገው ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል እንጂ በጅምላ አይደለም ብሎ ሻረው። በመሀል ተመዝግበው የነበሩ ከ11,000 በላይ ሰዎች ከመዝገቡ ተፋቁ። ማኮሊፍም እጅ አልሰጡም፤ ፊርማ በሚያትም ማሽን ወረቀቱን አንድ በአንድ ያስፈርሙ ጀመር። ሥልጣን ሲለቁ 173,000 ገደማ ሰው መብቱን አግኝቶ ነበር። በጅምላ ተከልክሎ በማሽን የተፈቀደው ያው ነገር ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ረክቷል።

ተተኪው ራልፍ ኖርዘም በ2021 አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ከእስር የወጣ ሰው አመክሮው ሳያልቅም መብቱ እንዲመለስለት አደረጉ። በ2022 ግሌን ያንግኪን መጡ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 2023፣ ለአንድ የምክር ቤት አባል በተጻፈ ደብዳቤ አሠራሩ መለወጡ ተሰማ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ አመልክቶ ይጠብቃል፣ ገዥው አይተው ይወስናሉ። በምን መስፈርት? በይፋ የወጣ መለኪያ አልነበረም። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ በ2024 ዳኛው አሠራሩ ግልጽነት እንደሚጎድለው ሳይሸሽጉ፣ መብት መመለስ እንደ ፈቃድ አሰጣጥ ሳይሆን እንደ ምሕረት የሚታይ ስለሆነ ገዥውን በመስፈርት ማሰር አይቻልም ብለው ፈረዱ። ደጅ ጥናት መሆኑን ፍርድ ቤትም አጸደቀው ማለት ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን የወንጀል ሕግ ይሻላል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የመምረጥ መብትን የመንሳትም የመመለስም ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው።

መብቱ የተመለሰለት ሰውም ቢሆን ተረጋግቶ አይቀመጥም። በ2023 መኸር፣ ምርጫው ሊካሄድ ሳምንታት ሲቀሩት፣ 3,400 የሚጠጉ መራጮች በስህተት መሰረዛቸውን የግዛቲቱ ምርጫ መሥሪያ ቤት አመነ። የአመክሮ ግዴታ መጣስ በመዝገብ ላይ እንደ አዲስ ፌሎኒ ተቆጥሮባቸው ነው።

በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ለሚኖረው ወገናችን ነገሩ ሩቅ አይደለም። የመራጭነት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ በፌሎኒ ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ፣ ከሆነ መብትህ ተመልሶልሃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ቅጹ የሚሞላው በመሐላ ነው፤ አውቆ የዋሸ ራሱን ለሌላ ክስ ያጋልጣል። «ሬከርድ» ያለበት ሰው ታዲያ መጠየቅም ያፍራል፤ መብቱ ተመልሶለት እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስፈራው ምርጫው ሳይሆን ከአገር መባረሩ ነው።

በ2025 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ክልከላውን የሚያነሳ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳልፏል። አንድ ጊዜ ግን አይበቃም፤ አዲስ የተመረጠ ምክር ቤት ደግሞ ሲያጸድቀው ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። በ2021 ያለፈው ተመሳሳይ ረቂቅ በ2022 ሁለተኛው ዙር ላይ ወድቆ ቀርቷል።

ሕዝብ ድምፅ ሰጠ ማለት አለቀ ማለት እንዳልሆነ ፍሎሪዳ አሳይታለች። እዚያ በ2018 ከመራጩ ከ64 በመቶ በላይ ለተመሳሳይ ማሻሻያ ድጋፍ ሰጥቶ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው መብቱን ያገኛል ተባለ። የማሻሻያው ቃል «ቅጣቱን በሙሉ ሲፈጽም» ይል ነበርና የግዛቲቱ ምክር ቤት በዓመቱ የፍርድ ቤት ክፍያና ካሳም የቅጣቱ አካል ነው የሚል ሕግ አወጣ። ብዙዎቹ ዕዳቸው ስንት እንደሆነ እንኳ የሚነግራቸው አንድ የተሟላ መዝገብ አልነበረም። በ2022 ደግሞ የመራጭነት ካርድ ራሱ መንግሥት ልኮላቸው ከመረጡ በኋላ መብቱ አልነበራችሁም ተብለው በካቴና የታሰሩ ሰዎች ታይተዋል።

የቨርጂኒያው ረቂቅ ይህን ያየ ይመስላል። ስለ ቅጣት መፈጸም አያነሳም፤ ከእስር የወጣ ሰው ሌላ ምንም እርምጃ ሳያስፈልግ የመምረጥ መብቱ እንደሚመለስለት ነው የሚደነግገው። ዕዳ የሚሰካበት፣ ፊርማም የሚጠየቅበት ቀዳዳ አልተወም።