የወታደር ቤት ጠዋትና ማታ፦ የምትሮጥ እናት ትጥቅና የልጇ መጽሐፍ

ባሏ ግዳጅ የወጣባት እናት ቤቱን ብቻዋን ትይዛለች። ለራሷ የሚተርፋት ልጆቹ ያልተነሡበት የንጋት ሰዓት ነው፤ ከልጆቿ ጋር ረጋ ብላ የምትቀመጠው ደግሞ ከራት በኋላ ነው። ንጋቱን ለሩጫ፣ ምሽቱን ለንባብ ለማዋል ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቃ ግን ልክ መሆን አለበት፦ እግር የማይጎዳ ጫማ፣ ጡትን አጥብቆ የሚይዝ ማስያዣ፣ አባቱ አጠገቡ ለሌለ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ። በአሶሳና በአጠቃላይ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እንዲህ ያለ ቤት ጥቂት አይደለም። ክልሉ ከሱዳን ጋር ይዋሰናል፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የቆመው በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ወታደርና ፖሊስ ከአካባቢው አይጠፋም፤ የክልሉ ልጆችም በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ዘብ ይቆማሉ።

የሩጫ ትጥቁን በመጀመሪያ የሚወስነው አየሩ ነው። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከደጋ ወደ አሶሳ የተዛወረች ሯጭ ትንፋሹ ይቀላታል፤ ሙቀቱ ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይወስድባታል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ መሮጥ አይመከርም። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። አሶሳ ወደ ምዕራብ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትወጣላት ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በአዲስ አበባ በደንብ ነግቶ ሳለ አሶሳ ገና ድንግዝግዝ ነው። በዚያ ሰዓት መንገድ ዳር ለምትሮጥ ሴት የባጃጅ ሹፌር ከሩቅ የሚለየው ነጭ ወይም ብርቱካናማ ካናቴራ ከማንኛውም ውድ ልብስ ይበልጣል።

ከመሸ ጀምሮ እስኪነጋ የወባ ትንኝ የምትናከስበት ጊዜም ነው። አካባቢው ወባማ በመሆኑ በጨለማ የምትወጣ ሯጭ ስስ ሆኖ እጅጌው የረዘመ ልብስና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ካልሲ ብታደርግ ይሻላታል። ካልሲው ጥጥ ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግር ውኃ ይቋጥራል።

ጫማ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ተገቢ ነው፤ ከትጥቁ ሁሉ ገንዘብ የሚበላውም፣ ሲሳሳት የሚጎዳውም እሱ ነው። አበበ ቢቂላ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጫማ ጠልቶ አልነበረም፤ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። ልኩ ያልሆነ ጫማ ጫማ ከማጣት የባሰ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ለእናቶች ደግሞ ልክ ራሱ ይለወጣል። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ክብደት ሲጨምርና ጅማቶች ሲላሉ የእግር ቅስት ዝቅ ይላል፤ እግሩም ይረዝማል። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግራቸው በእርግዝናው ረዝሞ ተገኝቷል፤ ለውጡም ከወሊድ በኋላ አልተመለሰም። ከመውለዷ በፊት 38 ቁጥር ታደርግ የነበረች ሴት ሳጥን ውስጥ ያቆየችውን ጫማ አውጥታ ብትሮጥበት የአውራ ጣቷ ጥፍር ሊጠቁር ይችላል። እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ የሚለካውም እግር በመጠኑ በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ፣ የሚሮጥበትን ካልሲ አድርጎ፣ ቆሞ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት።

በክልል ከተሞች ብዙ የስፖርት ጫማ የሚገዛው ከሰልባጅ ነው፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ደህና ሰልባጅ ከአዲስ ማስመሰያ ጫማ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ለመለየት ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት ነው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዟል፣ የአዲሷንም ጉልበት ወደዚያው ይጎትታል። ቀጥሎ ጫፉንና ተረከዙን ይዞ ማጠፍ ነው፤ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ከታጠፈ ደህና ነው፣ መሃሉ ላይ ከተሰበረ አልቋል። በመጨረሻ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት መጫን፤ ደርቆ እንደ ድንጋይ ከሆነ ወይም ተጨምድዶ ከቀረ የንዝረት መከላከያው ሞቷል። የሩጫ ጫማ ዕድሜ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፤ በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ እናት አዲሱን ጫማ ከ8 ወር እስከ አንድ ዓመት ትጠቀምበታለች ማለት ነው።

ክረምቱ ለጫማ ሌላ ፈተና ነው። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ቀዩ አፈር ከሶል ላይ ተጣብቆ ጫማውን ያከብደዋል። ከሩጫ በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ማራገፍ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ ለብቻው ማስጣት፣ ጫማውን በጋዜጣ ሞልቶ ነፋስ ባለበት ጥላ ማቆየት በቂ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ማጣበቂያውን ያላላዋል።

ከጫማ ቀጥሎ የሚመጣው ጡት ማስያዣ ነው፤ ለምታጠባ እናት እንዲያውም ይቀድማል። በሩጫ ጊዜ ጡት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይወዛወዛል፤ የሚደግፈው ጡንቻም በውስጡ የለም። ለዚህ ተብሎ የተሠራው የስፖርት ጡት ማስያዣ ረጅም ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ቨርሞንት ሊሳ ሊንዳል፣ ፖሊ ስሚዝና ሂንዳ ሚለር የተባሉ ሴቶች የወንዶችን የስፖርት መደገፊያ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተው የመጀመሪያውን ሠሩ። ከዚያ በፊት የሮጡ ሴቶች በተራ ማስያዣ ወይም በመቀነት ይቻሉት ነበር።

ሲመረጥ አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት ደረትን የሚዞረው መታጠቂያ ነው፤ ትከሻ ላይ ያለው ማንገቻ ረዳት ነው። ከመታጠቂያው ሥር ሁለት ጣት በግድ ከገባ ልክ ነው፤ እጅ በሙሉ ከገባ ሰፍቷል። እዚያው ገበያ ላይ አሥር ጊዜ መዝለል ዓይን ቢስብም ከመክሰር ያድናል። አንዱ የማይበቃት ሁለት ደርባ ማድረግ ትችላለች። የምታጠባ እናት ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑን ብታጠባ ወይም ብታልብ ሕመሙ ይቀልላታል፤ እንደተመለሰች ማስያዣውን ወዲያው ማውለቅ ይኖርባታል፣ ጠባብና ርጥብ ልብስ ለረጅም ሰዓት ጡትን ሲጨቁን የወተቱን መተላለፊያ ስለሚያውክ።

ስለ ሌላው ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቱታውም ሆነ ታይቱ ከፖሊስተር የተሠራና ስስ ቢሆን ላብ ቶሎ ይደርቃል፤ ጭን ከጭን እንዳይላላጥ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። የአሶሳ ዞን ነዋሪ ብዙው ሙስሊም በመሆኑ ተሸፍኖ መሮጥ የተለመደ ፍላጎት ነው፤ ናይኪ የስፖርት ሂጃብ ማምረቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ነገር ግን መርፌ ቁልፍ የማያስፈልገው፣ ተለጥጦ በጭንቅላት የሚጠለቅ ስስ ሂጃብ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ታይት ላይ እስከ ጉልበት የሚወርድ ሰፊ ካናቴራ መደረብም ይቻላል።

ትጥቁ ቢሟላም ሰውነት የራሱ ቀጠሮ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ ከወሊድ በኋላ ከ12 ሳምንት በፊት ሩጫ እንዳይጀመር ይመክራል። በቀዶ ጥገና ለወለደች ሴት ከዚያም ሊረዝም ይችላል። እስከዚያ በእግር መሄድ ይበቃል። ስትሮጥ ሽንት ካመለጣት ወይም ከታች የመክበድ ስሜት ካላት ማህፀንንና የሽንት ፊኛን የሚደግፉት ጡንቻዎች ገና አልጠነከሩም፤ ይህን ዝም ብሎ መቻል ሳይሆን ለጤና ባለሙያ መናገር ይገባል። ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ መሮጥም አይገባም፤ አንገቱ ያልጠና ልጅ የሩጫውን ንቅናቄ አይችለውም። ጎረቤት ወይም እህት ልጁን ለግማሽ ሰዓት የምትይዝበት ስምምነት ከማንኛውም የሕፃን ጋሪ ይበልጣል።

ወልዶ መመለስ እንደሚቻል ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያሻም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ ወሰደች፤ በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። እነዚህ ሴቶች አሠልጣኝና ረዳት ነበራቸው። የወታደር ሚስት ያንን ስለሌላት በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት መሮጧ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም።

ምሽቱ የልጁ ነው። የወታደር ልጅ ከሌላው ልጅ የሚለይበት ነገር ጥቂት ቢሆንም ከባድ ነው፦ አባቱ ወይም እናቱ ለወራት ይጠፋሉ፣ የሚመለሱበት ቀን አይታወቅም፣ ቤተሰቡ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ሲዛወር ትምህርት ቤቱና ቋንቋው ይለወጣል። ትንሽ ልጅ ይህን በቃል አይናገረውም፤ ሌሊት በመባነን፣ በእልህ፣ ምግብ በመተው ያሳየዋል። መጽሐፍ የሚረዳው የሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ እንዲያወራው ስለሚያስችለው ነው። በታሪኩ ያለችው ጥንቸል እናቷን ስትጠብቅ ምን ተሰማት ተብሎ የተጠየቀ ልጅ የራሱን ይመልሳል።

አገሪቱ ለእነዚህ ልጆች ማሰብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በደርግ ዘመን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአላጌ የተቋቋመው የሕፃናት አምባ በጦርነቱ የወደቁ ወታደሮችን ልጆች አሳድጓል፤ ሥፍራው ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው። በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ራሳቸው ገና በልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወላጅ ያጡ ነበሩ፤ ኋላም ኮርያ ድረስ ሄደው በዚያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በጥበብ ሥራቸው አዝናንተዋል። ልጅንም ወታደርንም የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ይሁንና በመጽሐፍ መደብር ያለው የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አብዛኛው ተረት፣ ፊደልና ስለ እንስሳት የተጻፈ ነው፤ አባቱ ዘብ የወጣበት ልጅ ራሱን የሚያገኝበት ታሪክ ብርቅ ነው። በሌላ አገር ይህ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። በሶቪየት ኅብረት አርካዲ ጋይዳር እ.ኤ.አ. በ1940 የጻፈው የቲሙር ታሪክ የዘማች ቤተሰቦችን በድብቅ ስለሚረዱ ልጆች ነበር። በአማርኛም ደራሲዎች ይህን ክፍተት ቢሞሉት አንባቢ አያጡም። እስከዚያው እናት ካለው መጽሐፍ ውስጥ መለየት፣ ተሄዶ የሚመለስበትን ታሪክ መምረጥ፣ ጀግንነትን በመግደል ብቻ የሚያሳየውን መተው ትችላለች። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በየገጹ ትልቅ ሥዕልና ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለው ይበቃል።

መጽሐፍ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መጽሐፍን ወደ ልጆች ለማድረስ ግን አርአያ የሚሆን ሥራ አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስና የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ይህ ሐሳብ ከካምፕ ካምፕ ለሚዛወር ቤተሰብ የተሠራ ይመስላል፤ አንድ ሣጥን መጽሐፍ በመኖሪያ ሰፈሩ እናቶች መካከል በየሳምንቱ ቤት ቢቀያይር ሕንፃም ሠራተኛም አያስፈልገውም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በትምህርት ቤት የሚሰጡ ቋንቋዎች ናቸው። ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ ሥዕሉን እያየ በቤቱ ቋንቋ ቢተረክለት መጽሐፉ በማያነበው ቋንቋ መጻፉ አያግደውም።

በዚህ ሁሉ አባት ተመልካች መሆን የለበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ዩናይትድ ስሩ ሪዲንግ የተባለ ድርጅት ግዳጅ ላይ ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው መጽሐፍ ሲያነቡ እየቀረጸ ለቤተሰብ ይልካል። እዚህ ድርጅት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ስልክና ቴሌግራም ይበቃሉ። አባት ከመውጣቱ በፊት ቤት ተቀምጦ አራት አምስት አጫጭር መጻሕፍት በድምፁ ቢቀርጽ መረብ በሌለበት ወር እንኳ ልጁ ይሰማዋል። ሲያነብ የልጁን ስም መጥራት፣ ገጽ ሲገለጥ መናገር፣ ሥዕሉ ላይ ምን እንዳለ መጠየቅና ለመልስ ትንሽ ዝም ማለት አለበት። የሚመለስበትን ቀን ግን አይናገር፤ ቀኑ ቢያልፍ ልጁ የሚያስታውሰው ቃሉን ነው። ቦታውንና የጓዶቹን ሁኔታ መጥቀስም ለራሱ ደኅንነት አይበጅም።

ፈቃድ አግኝቶ ሲመለስ ትንንሽ ልጆች መጀመሪያ ሊሸሹት ይችላሉ፤ ይህ የተለመደ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም። ያንኑ በድምፁ የሚያውቁትን መጽሐፍ ይዞ ወለሉ ላይ ቢቀመጥና ማንበብ ቢጀምር፣ ሳይጠራቸው፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ይጠጋሉ። እናትየዋም በዚያ ሳምንት ልጆቹን የሚይዝ ሰው አግኝታ ትሮጣለች።