ጭሱን የሚያሳልፍ፣ መርዙን የሚያስቀር፦ ለስፖርት መኪና ኮንቨርተር ሲመረጥ

ከመኪና ሞተር የሚወጣ ጭስ ማርሚታው ጋ ከመድረሱ በፊት ከቧንቧው ወፈር ባለ አንድ የብረት ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ዕቃው የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ሆኖም በአንድ በኩል መርዝ ገብቶበት በሌላው በኩል መርዙ እጅግ የቀለለ ጋዝ ይወጣበታል። ይህ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው።

ስፖርት መኪና በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ይህ ዕቃ ጉልበት ያፍናል እየተባለ ይታማል። አንዳንዱ ሐሜቱን አምኖ አውጥቶ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ «ሃይ ፍሎው» የሚባለውን፣ ጭስ በቀላሉ የሚያሳልፈውን ዓይነት ይገዛል። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ሰው ነው። ሃይ ፍሎው ኮንቨርተር በደንብ ከተመረጠ ሞተሩን ያቀልለዋል፣ አየሩንም ይጠብቃል። ካልተመረጠ ግን ስም ብቻ የያዘ ባዶ ቱቦ ነው። ልዩነቱን ለመለየት ታሪኩንና ውስጡን ማወቅ ይበጃል።

ከሎስ አንጀለስ ጭጋግ የመጣ መላ

በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስን ቡናማ ጭጋግ ይጋርዳት ጀመር። ዛሬ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር ያለባት ይህች ከተማ ያን ጊዜ ነዋሪዎቿ በጠራራ ፀሐይ ዓይናቸው ይቃጠል፣ ጉሮሯቸው ይከረክር ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኔዘርላንድስ ተወላጁ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት የጭጋጉን ምንጭ አሳየ። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ኦዞን ይፈጥር ነበር።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ድፍድፍ ነዳጅን በካታሊስት ወደ ቤንዚን በመለወጥ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ ይህንኑ ዕውቀቱን ወደ መኪና ጭስ አዞረና በ1956 ለጭስ ማጽጃው የፈጠራ መብት አገኘ። ይሁንና ዕቃው በየመኪናው ሊገጠም አልቻለም። በዚያ ዘመን ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ካታሊስቱን እየሸፈነ ይገድለው ነበር። ሁድሪ ሥራው መንገድ ላይ ሲውል ሳያይ በ1962 ዐረፈ።

በሩን የከፈተው ሕግ ነው። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1970 ሲጸድቅ አምራቾች የመኪኖቻቸውን ጭስ የማጽዳት ግዴታ ገቡ። የ1975 ሞዴል መኪኖች አብዛኞቹ ኮንቨርተር ይዘው ወጡ፤ እርሳስ የሌለበት ቤንዚንም በየማደያው ቀረበ። በኮርኒንግ ኩባንያ ሮድኒ ባግሊ፣ ኧርዊን ላክማንና ሮናልድ ሉዊስ በሺዎች የሚቆጠር ቀዳዳ ያለውን የሸክላ እምብርት ሠሩ። በኤንግልሃርድ ደግሞ ጆን ሙኒና ካርል ኪት ሦስቱን ዋና ዋና መርዞች አንድ ላይ የሚያጠፋውን ዓይነት አዘጋጁ። ቮልቮ ይህንኑ ከኦክስጅን ሴንሰር ጋር አጣምሮ በ1977 ሞዴሉ ለካሊፎርኒያ ገበያ አቀረበ። ዛሬ በቤንዚን መኪኖች ሥር የምናየው ዕቃ የዚያ ቀጥተኛ ልጅ ነው። እርሳስ ግን ከዓለም የመኪና ቤንዚን ጨርሶ የወጣው አልጄሪያ በ2021 መሸጥ ስታቆም ነው።

የቆርቆሮው ውስጥ

ቅርፊቱ ቢከፈት ጭሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳሳ፣ የማር እንጀራ የመሰለ እምብርት ይገኛል። እምብርቱ የሚሠራው ኮርዲየራይት ከሚባል በሙቀት እምብዛም ከማይለጠጥ ሸክላ ነው፤ አለዚያም ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም ቅይጥ በተዘጋጀ እጅግ ስስ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳዎቹ ሸካራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ልባስ ይቀባሉ። በልባሱ ላይ ጥቂት ግራም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በደቃቁ ይበተናል። የዕቃው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌቦች ኮንቨርተር እየቆረጡ የሚወስዱትም ለእነዚህ ማዕድናት ብለው ነው።

ሥራው ሦስት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ ከሰል የሚያወጣው፣ ሽታ የሌለው፣ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የጨረሰው ያው ጋዝ ነው። ሁለተኛ፣ ሳይቃጠል ያመለጠውን ነዳጅ አቃጥሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን በትኖ መጀመሪያም ከአየር ወደመጣው ናይትሮጅን ይመልሰዋል። ለዚህ ሦስተኛው ሥራ ሮዲየም ከሁሉ ይበልጣል።

ለሥራው ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ሙቀት ነው። ኮንቨርተሩ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ ያንቀላፋል፤ ስለዚህ አንድ መኪና ከሚያወጣው መርዝ ብዙው የሚወጣው ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ነው። ሁለተኛው የነዳጅና የአየር ሚዛን ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲገባ ሦስቱም ሥራ አብሮ ይሄዳል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ሚዛን ከፊት ባለው ኦክስጅን ሴንሰር እያየ ያስተካክላል፤ ሆኖም ሚዛኑ ሁልጊዜ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ይላል። ይህን መዋዠቅ የሚያለዝበው በልባሱ ውስጥ ያለው ሴሪየም ኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅን ሲተርፍ ያስቀምጣል፣ ሲጎድል ይሰጣል።

ሃይ ፍሎው የሚለውጠው ምንድን ነው?

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት የቀዳዳዎቹን ቁጥር ነው። የተለመደ ኮንቨርተር በአንድ ካሬ ኢንች 400 ያህል ቀዳዳ አለው፤ በካሬ ሴንቲሜትር 62 ማለት ነው። ሃይ ፍሎው የሚባሉት ወደ 300፣ ወደ 200፣ ለውድድር የተሠሩት ወደ 100 ይወርዳሉ። ቀዳዳው ሲያንስ እያንዳንዱ ይሰፋል፤ ጭሱም በቀላሉ ያልፋል።

ግን ነጻ ስጦታ አይደለም። በእነዚህ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ጭሱ የሚጓዘው ሳይናወጥ፣ በረጋ ፍሰት ነው። በረጋ ፍሰት ደግሞ የጭሱ እንቅፋትና የዕቃው የማጽዳት አቅም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ከ400 ወደ 200 ቀዳዳ ሲወረድ እንቅፋቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ በአንድ ሊትር እምብርት ውስጥ ያለው የማጽዳት አቅምም እንዲሁ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የግድግዳው ስፋት ያንሳል፤ በቀዳዳው መሀል የሚያልፈው ጋዝም ግድግዳውን ለመንካት የሚሄደው ርቀት ይጨምራል።

እንቅፋትን ጽዳት ሳይነኩ የሚቀንሱበት ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ፊቱን ማስፋት ነው። 10 ሴንቲሜትር ውፍረትና 14.4 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው እምብርት 1.13 ሊትር ይሆናል። ውፍረቱ 12፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር ቢሆንም ይዘቱ ያው 1.13 ሊትር ነው። ጭሱ ግን በሰፊ ፊት ስለሚከፋፈል ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የሚሄድበትም መንገድ አጭር ነው። ሁለቱ ሲባዙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው እንቅፋት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የቀዳዳው ቁጥር አልተነካም፤ የግድግዳው ስፋትና የማዕድኑ መጠንም እንዳለ ነው።

ለዚህ ነው ሃይ ፍሎው ሲመረጥ ከቀዳዳው ቁጥር በፊት የእምብርቱን ስፋትና ይዘት መጠየቅ የሚገባው። በሰፊ አካል ውስጥ ያለ 300 ቀዳዳ በጠባብ አካል ውስጥ ካለ 200 ቀዳዳ በሁሉም ረገድ ሊበልጥ ይችላል።

ኒሳን 350ዜድን እንውሰድ

በ2002 ገበያ የወጣው ኒሳን 350ዜድ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሲሆን መጀመሪያ ሲወጣ 287 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሦስት ሲሊንደር በቀኝ፣ ሦስት በግራ አሉ፤ ለየጎናቸው አንድ አንድ ኮንቨርተር አላቸው። ሁለቱ ቧንቧዎች ከዚያ በኋላ ይገናኛሉ። ኮንቨርተሮቹ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ ለመቀየር ብየዳ የግድ አይደለም፤ ገበያው በአማራጭ የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 6,600 ዙር ሲዞር በየጎኑ በሰከንድ 96 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ያ አየር 800 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ሲወጣ መጠኑ ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ያብጣል፤ እያንዳንዱ ኮንቨርተር በሰከንድ ከ300 ሊትር በላይ ጋዝ ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ ሃይ ፍሎው ጥቅሙን የሚያሳየው ጥግ ድረስ ሲነዳ ነው። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲኬድ ልዩነቱ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ቱርቦ በሌለው በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ፣ ኦሪጅናሉ ጤነኛ ከሆነ፣ የሚገኘው ጭማሪ ልከኛ ነው። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ግን ከተርባይኑ በስተኋላ የሚቀንስ እያንዳንዱ ግፊት ስለሚጠቅመው ትርፉ ይጎላል።

ኮምፒውተሩም ይመለከታል። ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ሴንሰር ንባቡ የረጋ ከሆነ ኦክስጅኑ እየተጠራቀመና እየተሰጠ ነው ማለት ነው። ንባቡ እንደ ፊተኛው ሴንሰር መዋዠቅ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ኮንቨርተሩ ደክሟል ብሎ ይፈርዳል፤ ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ ለአንዱ ጎን ፒ0420፣ ለሌላው ፒ0430 የሚል ኮድ ይመዘገባል። ሴሪየሙና ማዕድኑ ያነሰ ርካሽ ባለ 200 ቀዳዳ ዕቃ የሚጋለጠው በዚህ ነው። መብራቱን ለማጥፋት ሴንሰሩን ከጭሱ የሚያርቅ ማራዘሚያ የሚያስገቡ አሉ። ማራዘሚያው አየሩን አያጸዳም፤ ለባለቤቱ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይወስድበታል።

ሲገዛ መጠየቅ ያለበት

ስፋቱና ይዘቱ ከታወቀ በኋላ የማዕድኑ መጠን ይጠየቃል። ጥሩ አምራች በአንድ ሊትር እምብርት ስንት ግራም ማዕድን እንዳለና ሮዲየም ይኑረው አይኑረው ይናገራል። ዝም የሚል ሻጭ የሚደብቀው አለው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለመንገድ መኪና ከ300 እስከ 400 ቀዳዳ፣ ሰፋ ባለ አካል፣ ጥሩ ምርጫ ነው። 200 ቀዳዳ በበቂ ይዘትና ማዕድን ከተደገፈ ይሠራል። 100 ቀዳዳ ለውድድር ሜዳ ይቅር።

የእምብርቱ ዓይነት ቀጥሎ ይመጣል። የብረቱ ግድግዳ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለጭሱ ብዙ ቦታ ይተውለታል፤ ቶሎ ይሞቃል፤ ንዝረትና ድንገተኛ ሙቀት ይችላል። ሸክላው ርካሽ ነው፤ በመንገድ መኪና ላይም ለረጅም ዘመን ታማኝ ሆኖ ኖሯል። መኪናው ሜዳ ላይ የሚሮጥ ከሆነ ግን ብረቱ ይመረጣል።

መግቢያው ላይ ያለው ማስፊያም ይታይ። ቧንቧው ድንገት ወደ ሰፊ ፊት ከተከፈተ ጭሱ መሀሉን ብቻ ይመታል፤ ዳሩ ሥራ ፈትቶ መሀሉ ያለዕድሜው ይሞታል። ቀስ እያለ የሚሰፋ ማስፊያ ያስፈልጋል። ዕቃው ከኦሪጅናሉ ቦታ ወደ ኋላ መራቅ የለበትም፤ በራቀ ቁጥር ለመሞቅ ይዘገያል። የሴንሰሮቹም ቦታ እንደነበረ መቆየት አለበት። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያስወጣ ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ገብቶ የኮምፒውተሩን ሚዛን ያዛባል።

ከዚያ ሕጉ ይመጣል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ለጉልበት ሲባል በጤና የሚሠራን ኦሪጅናል ኮንቨርተር አውጥቶ መጣልን ይከለክላል። በካሊፎርኒያ መርማሪው የመለዋወጫውን የፈቃድ ቁጥር ከመኪናው ዓይነትና ዓመት ጋር ያመሳክራል፤ «ለውድድር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ በመንገድ መኪና ላይ አይፈቀድም። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖችም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጠብቃቸዋል። በአሜሪካ የኦሪጅናሉ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ስለሆነ፣ መኪናው አዲስ ከሆነ ከመግዛት በፊት ዋስትናውን ማየት ገንዘብ ያድናል።

በመጨረሻም ሞተሩ ይታከም። ካንዴላው የማይመታ ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮንቨርተሩ ይልካል፤ ቤንዚኑ እዚያው ተቃጥሎ እምብርቱን ያቀልጠዋል። ዘይት የሚበላ ሞተር በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይሸፍነዋል። የድሮው ኮንቨርተር ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲስ መግጠም አዲሱንም ለዚያው ሞት መስጠት ነው።

ስፖርት መኪና መውደድ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሞተሩ በነጻነት እንዲተነፍስ መፈለግም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከኋላ የሚወጣውን የሚተነፍሰው ነጂው ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ሕፃናትም ይተነፍሱታል። ደግነቱ ሁለቱ አይጋጩም። ሰፊ ፊት፣ በቂ ይዘት፣ በቂ ማዕድንና የሕግ ፈቃድ ያለውን ኮንቨርተር የመረጠ ሰው ጉልበቱን ያገኛል፣ ምርመራውን ያልፋል፣ የጎረቤቱንም አየር ይጠብቃል። ለዚህ የሚከፈለው ተጨማሪ ብር በመኪናው ላይ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ የሚያኮራው ነው።