በዓይን ላይ የሚበቅለው ሥጋ ሞራ አይደለም

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የገብስ ውቂያ ተፋፍሟል። በሬዎቹ አውድማውን እየዞሩ ነዶውን ይረግጣሉ። ጎልማሶቹ ነፋሱን ጠብቀው በመንሽ ያዘራሉ። እብቁም ከአቧራው ጋር እየተነሣ በሰው ፊት ላይ ይበተናል።

ይህ ዘጋቢ ወደ ስፍራው የሄደው ስለ ዘር መረጣ ለመጠየቅ ነበር። ይሁን እንጂ የአውድማው ባለቤት፣ የ5 ልጆች አባት የሆኑ ገበሬ፣ ፍሬውን በአንድ መዳፋቸው ይዘው ሲመለከቱ በሌላው እጃቸው ግራ ዓይናቸውን ይሸፍኑ ስለ ነበር ጨዋታው ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ።

«ዓይንዎን ምን ሆነው ነው አባቴ?»

«ሞራ ወጣብኝ ልጄ» አሉ። «የዛሬ 6 ዓመት ገደማ ባፍንጫዬ በኩል ትንሽ ሆኖ ጀመረኝ። አሁን ብሌኑ አጠገብ ደርሷል። ሞራ ካልበሰለ አይነካም ስለሚባል እስኪበስል እየጠበቅሁ ነው። በምላጭ ልፋቅልህ ያለኝም ነበር፤ ፈራሁ።»

መፍራታቸው በጀ እንጂ አልጎዳቸውም። የጎዳቸው መጠበቃቸው ነበር። ምክንያቱም በዓይናቸው ላይ የበቀለው ሞራ አልነበረም።

ሁለቱ ሕመሞች እንዴት ይለያያሉ?

ሞራ የሚባለው በዓይን ውስጥ፣ ከብሌኑ በስተኋላ ያለው ሌንስ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ ነው። ከውጭ ሲታይ ብሌኑ ራሱ ነጣ ብሎ ይታያል። የእኚህ ገበሬ ሕመም ግን በዓይን ላይ እንጂ በዓይን ውስጥ አይደለም። ነጩን የዓይን ክፍል ከሸፈነው ስስ ገለፈት ተነሥቶ፣ የደም ሥሮች እየታዩበት፣ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ወደ ብሌኑ የሚሳብ ሥጋ ነው። ሐኪሞች ፕቴሪጂየም ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ክንፍ ማለት ነው። ቅርጹን ላየ ሰው ስሙ የተስማማ ነው።

ሥጋው በአብዛኛው በአፍንጫ በኩል ይነሣል። በሽታው ተላላፊ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የሚያስከትለው ችግር መቅላት፣ መቆጥቆጥና አሸዋ የገባ የሚመስል ስሜት ነው። እያደገ ሲሄድ ግን ከብሌኑ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለውን፣ እየጎተተ ቅርጹን ያዛባዋል። ስለዚህ ብሌኑን ሳይሸፍነው ገና እይታ ሊደበዝዝ ይችላል። ብሌኑን ከሸፈነው ደግሞ የብርሃኑን መግቢያ ይዘጋዋል።

ሞራም ቢሆን እስኪበስል መጠበቅ ዛሬ የቀረ ነገር ነው። ፕቴሪጂየም ግን ጭራሹን አይበስልም። የሚያድግ ከሆነ ወደ ብሌኑ ይገሰግሳል እንጂ።

ከምን ይመጣል?

ዋናው ምክንያት አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ሕመሙ ከምድር ወገብ በማይርቁ አገሮች በብዛት ይታያል። አገራችንም በዚሁ ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከዚህም ሌላ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የደጋ ሰው ብርዱን ብቻ አይቶ ፀሐዩን መናቁ እንግዲህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ለምን በአፍንጫ በኩል ይበዛል ለሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ የሚደንቅ ነው። በጆሮ በኩል የሚመጣው ብርሃን በጥርቱ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ እንደ አጉሊ መነፅር ተሰብስቦ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጠርዝ ላይ ያርፋል። ያ ቦታ ከልጅነት ጀምሮ ሲጠበስ ይኖራል ማለት ነው። ነፋስና አቧራም ዓይንን ያደርቁና ይቆጠቁጡታል። ቀኑን ሙሉ ከእርሻና ከአውድማ የማይለየው ገበሬ፣ አረም የምታርመው እናት፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ በይበልጥ የሚጠቁትም ስለዚህ ነው።

ሕክምናው

የበቀለ ሥጋ ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይሻም። ትንሽ ሆኖ ካላደገና እይታን ካልነካ ዓይንን ከፀሐይ መጠበቅና በየጊዜው ማስመርመር ይበቃል። ዓይንን የሚያረጥቡ ጠብታዎች መቆጥቆጡን ያስታግሣሉ። ሥጋውን የሚያጠፋ ጠብታ ግን የለም። አንዳንድ ሰዎች መቅላቱን የሚያጠፋ ጠብታ ከመድኃኒት ቤት በራሳቸው ገዝተው ለወራት ይጠቀማሉ። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተሩ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው የማይመለስ ዕውርነት ሊያመጡ፣ እውነተኛውንም ሞራ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ሥጋው ወደ ብሌኑ እየተጠጋ ከሄደ ወይም እይታን ካዛባ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ዓይኑ ስለሚደነዝዝ ሕመም አይሰማም። ታካሚውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። ሥጋው ተቆርጦ ቦታው ባዶውን ከተተወ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ያውም ከፊተኛው ወፍሮ። በመሆኑም ሐኪሞች ከዚያው ዓይን፣ ከላይኛው ቆብ ሥር፣ ስስ ገለፈት ወስደው በቦታው ይተክላሉ። ይህ ዘዴ ተመልሶ መብቀሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በምላጭ መፋቅ፣ ቅጠል መጭመቅና ዱቄት መነስነስ ግን ቁስልና ጠባሳ ያተርፋሉ እንጂ ሥጋውን አይነቅሉትም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በዓይን ላይ የሚበቅል ሥጋ ሁሉ ፕቴሪጂየም አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የዓይን ገለፈት ነቀርሳ ይህንኑ መስሎ ይታያል። በተለይም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ያጠቃል። በጥቂት ወራት ውስጥ ቶሎ ያደገ፣ ያበጠ፣ ነጭ ቅርፊት ያወጣ ወይም የሚደማ ሥጋ ካለ አንድ ቀን እንኳ ሳይባል መታየት አለበት።

ከገበሬው ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ መከላከል። ጠርዙ ሰፊ የሆነ የሰሌን ወይም የሣር ባርኔጣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። መነፅር የሚገዛ ሰው አልትራቫዮሌት የሚከላከል መሆኑን ይጠይቅ፤ ጥቁር መሆኑ ብቻ አይበቃም። በሚያዘሩበት ጊዜ ነፋሱን በጀርባ መቀበልና ከሥራ በኋላ ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይገባል። ለእረኛ ልጆችም ባርኔጣ ያስፈልጋቸዋል።

ቀጥሎም መመርመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቢያማክሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ትመራለች። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች ይገኛሉ።

ሦስተኛው ጊዜን መምረጥ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ከአቧራና ከጭስ መራቅ፣ የታዘዘውን ጠብታ ሳያቋርጡ መጨመርና በቀጠሮ ቀን መመለስ የግድ ነው። አጣዳፊ ካልሆነ በቀር በውቂያ ዋዜማ መታከም አይመከርም።

ይህ ዘጋቢ በሚያዝያ ወር ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ ነበር። ገበሬው ውቂያው እንዳለቀ በየካቲት ታክመዋል። ያገገሙበትን ጊዜ እርሻቸውን ጎረቤቶቻቸው በደቦ አርሰውላቸዋል። ዓይናቸው ከድሮው ይሻላል። ነገር ግን ሥጋው ለረጅም ጊዜ በቆየበት ቦታ ቀጭን ጠባሳ ስለ ተወ እይታቸው ፈጽሞ አልጠራም።

«በጊዜው ብሄድ ኖሮ ይቺም አትቀርም ነበር» አሉ። ከዚያም ከብት ይዞ ሊወጣ የነበረውን ትንሹን ልጃቸውን ከበር መልሰው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁለት የሰሌን ባርኔጣዎች አንዱን ራሱ ላይ ደፉለት።